ከአራዳ ዓሣ ቤት እስከ ዝዋይ ዳርቻ

አራዳ ዛሬ የክፍለ ከተማ ስም ነው፤ ጥንት ግን የገበያ ስም ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው ሜዳ ላይ ማሩና ቅቤው፣ እህሉና በርበሬው፣ አሞሌ ጨውና ከብቱ ሲሸጥና ሲለወጥ ይውል ነበር። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን በያዘባቸው ዓመታት ያ ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ የዛሬው መርካቶ ሲሆን፣ ለአካባቢው የቀረለት ፒያሳ የሚለው የኢጣልያንኛ ስም ነው። ትርጉሙም አደባባይ ማለት ነው። ገበያው ቢሄድም የአራዳ ሰው ገበያ መውደዱን አልተወም። ወርቅ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ለወጣቱ ሲሆን፣ ለእኛ ለእናቶች ግን የሰፈሩ ልብ አትክልት ተራ ነበር።

«ነበር» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ላፍቶ ተዛውሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው፣ አብረውን ቡና ሲጠጡ የኖሩ ጎረቤቶቻችን ከፊሎቹ ገላን ጉራ፣ ከፊሎቹም ሌላ ሌላ ሰፈር ገብተዋል። ስለዚህ ሌላ ቀን እንጫወታለን፤ የዛሬው ጉዳዬ ዓሣ ነው።

ዓሣ ለአራዳ ሰው እንግዳ ምግብ አይደለም። በልጅነቴ የመንግሥት የነበረው የዓሣ ምርትና ገበያ ድርጅት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በበረዶ እያመጣ ለከተማው ያከፋፍል ነበር። ጾም ሲገባ እናቴና ጎረቤቶቿ ገንዘብ አዋጥተው አንዷን ወደ ዓሣ ሻጩ ይልካሉ፤ ስትመለስ ግቢው ውስጥ ይካፈሉታል። የዓሣ ቅርጫ እንበለው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤቱና ለየንስሐ አባቱ እተወዋለሁ።) የሚመጣው በአብዛኛው ቆሮሶ ነበር፤ ያ ገላው ሰፋ ያለ፣ የጀርባው ክንፍ እሾሃማ የሆነ፣ በየምግብ ቤቱ ሙሉውን ተጠብሶ የሚቀርበው ዓሣ። የእናቴ የብረት መጥበሻ የሚችለው አንዱን ቆሮሶ ብቻ ሲሆን፣ ጅራቱም ከጫፉ ብቅ ይል ነበር። መጥበሻው ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። በ2017 ዓ.ም. የነቢያት ጾም ሰሞን ሦስት ቆሮሶ ጎን ለጎን ደርድሬበት ቦታ ተረፈው።

ከፒያሳ ጓሮ ያለውን ዓሣ ሻጭ ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ «እህቴ፣ እኛ የመጣልንን ነው የምንሸጠው፤ ትልቁ የታለ?» አለኝ። ጥያቄው ተራ የገበያ ወሬ አይደለም። ሥጋ ከደመወዝተኛ ኪስ በራቀበት በዚህ ዘመን፣ ለሚያድግ ልጅ ሰውነት መገንቢያ የሚሆን ምግብ ፍለጋ የምትዞር እናት ዓሣንም ካጣች የሚቀራት ሽሮና ምስር ነው። ሽሮና ምስርን መናቄ አይደለም፤ አማራጭ ማጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

የልጆቹ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና እኔ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍረን ወደ ባቱ ወረድን፤ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ ወደምንላት ከተማ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታላቁ ልጄ የመንጠቆና የክር ቋጠሮውን ከእጁ አልለየም፤ ትንሿ ደግሞ ዓሣ የሚወጣው ከፍሪጅ እንጂ ከውሃ ነው ቢሏት አታምንም ነበር።

ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ሜዳው ይከፈታል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። መቂ ላይ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተከመረው ቲማቲምና ሽንኩርት ዓይን ይሞላል። እናቴ በመስኮት እያየች፣ «ይኸ እኮ ያ አትክልት ተራ እንገዛው የነበረው ነው» አለች። ልክ ናት። የመቂና የዝዋይ ገበሬ ሞተሩን ጠምዶ የሚያጠጣው ከሐይቁና ከገባር ወንዞቹ ነው። የአበባ እርሻውም ከዚያው ይጠጣል። ዓሣ ጉላሽ ለመሥራት ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ቆልተን ዓሣውን ስንጨምርበት፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ከአንድ ሐይቅ የተቀዳ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ያህል ነው። ሰፊ ሳፋ እንጂ ጉድጓድ አይደለም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ጥቂት ውሃ ሲጎድልበት ዳርቻው ብዙ ይሸሻል፤ ቆሮሶ ደግሞ ጎጆውን የሚሠራው በዚያው በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ወደ ሐይቁ መቂና ቀታር የሚባሉት ወንዞች ይገባሉ፤ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። በመካከሉ ቱሉ ጉዶን ጨምሮ አምስት ደሴቶች አሉ፤ የዘይ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በነዚህ ደሴቶች ላይ እየኖረ በጀልባና በመረብ ሲተዳደር ኖሯል።

የአብያታን ነገር ካነሳሁ አይቀር ጥቂት ልጨምር። አብያታ ቀድሞ ዓሣ የሚወጣበት ሐይቅ ነበር፤ በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖችም ለጫጩቶቻቸው ቀለብ የሚያመጡት ከዚያ ነበር። ውሃው ለሶዳ ፋብሪካና ከላይ ለመስኖ ሲወሰድ ሐይቁ እየሸሸ፣ ጨዋማነቱም እየበረታ ሄዶ ዓሣው አለቀ። አእዋፉም ፊታቸውን ወደ ሌላ ውሃ አዞሩ። ከዝዋይ በታች ያለው ጎረቤት የደረሰበት ይህ ነው።

ወደ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጀልባዎቹ ከሌሊት ሥራ እየተመለሱ ነበር። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመው የሚወረወርላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። ጎረምሶች በሚያስደንቅ ፍጥነት ዓሣውን ይገፋሉ፤ ሴቶች በትልልቅ ብረት ድስት የዓሣ ሾርባ ያፈላሉ። ሾርባው የሚሠራው ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ ሲሆን፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል። እናቴ ሁለት ሳህን ጠጥታ ለጉልበቴ በጀኝ ብላለች። በየቅርጫቱ ውስጥ ያየሁት ግን ቆሮሶ ብቻ አይደለም። ሪዛሙ አምባዛና ወፍራሙ ካርፕ ይበዛሉ። ሁለቱም የዝዋይ ተወላጆች አይደሉም፤ ከሌላ ውሃ የመጡ ናቸው። በሐይቁ ላይ የተደረጉት ጥናቶች እንደሚያሳዩት ቀድሞ ከሚሰገረው እጅግ የሚበዛው ቆሮሶ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ግን እርሱ እያነሰ እነዚህ ተክተውታል።

ልጄ መንጠቆውን ጥሎ አንድ ሰዓት ያህል ከጠበቀ በኋላ የመዳፉን ያህል የምትሆን ቆሮሶ አወጣ። ደስታው ወሰን አልነበረውም። አጠገባችን መረቡን ሲጠግን የነበረ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ግን፣ «ልጄ፣ ይቺ ገና አልወለደችም፤ ወደ እናቷ መልሳት» አለው። ልጁ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ባለቤቴ፣ «አባባ ያሉህን ስማ» ሲለው በቀስታ ውሃው ላይ ለቀቃት። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚወጣ ቤተሰብ በቀን ስንት ዓሣ፣ ምንስ ያህል ርዝመት ያለውን ይዞ መሄድ እንደሚችል በሕግ ተወስኖለት፣ ከዚያ ውጭ የሆነውን ወደ ውሃው ይመልሳል። የእኛው አዛውንት ፈቃድና መለኪያ ሳይዙ ያንኑ አደረጉ።

ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ስምንት ያህል ሰዎች አንድ ረጅም መረብ ከሁለቱም ጫፍ ይዘው ወደ ዳር ይጎትቱ ነበር። መረቡ የሐይቁን ወለል እየጠረገ፣ ሸምበቆውንም፣ ጭቃውንም፣ ትልቁንም፣ ጥፍር የምታህለውንም ይዞ ወጣ። አዛውንቱ ከመካከል አንዲት ቆሮሶ አንስተው አፏን በጣታቸው ከፈት አድርገው ለልጆቹ አሳዩ። ውስጡ በቢጫ ፍሬዎች የተሞላ ነበር።

ይህን ለማታውቁ እናቶች ላስረዳ። ወንዱ ቆሮሶ በዳርቻው አሸዋና ጭቃ ላይ ክብ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና ወዲያው ለቅማ በአፏ ትይዛለች። እስኪፈለፈሉ ድረስ አፏ ውስጥ ይቆያሉ፤ ተፈልፍለው መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ምግብ አትቀምስም። ትንሿ ልጄ ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲያ ይርባታላ!» ብላ አለቀሰች። ጎታቹ መረብ ጎጆውንም፣ አራሷንም፣ አፏ ውስጥ ያሉትንም በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ፍሬዎቹ ጭቃው ላይ ሲበተኑ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

በሐዋሳ ሐይቅ የቆሮሶ መራባት የሚበረታው ከጥር እስከ መጋቢትና ከሐምሌ እስከ መስከረም እንደሆነ አጥኚዎች ደርሰውበታል። እናቶች የጾሙን አቆጣጠር ያውቁታል። ዐቢይ ጾም የሚገባው በየካቲት ነው፤ ፍልሰታ በነሐሴ። ዓሣው በአፉ ልጅ በሚይዝበት ወቅት የአዲስ አበባ ገበያ ይጠራዋል ማለት ነው። አስጋሪውን ብቻ መውቀስ አይቻልም። እንደነገሩኝ ነጋዴው መኪናውን አቁሞ «ጨምሩ» ይላል፤ ቁጥሩ የበዛ ሥራ አጥ ወጣት መረብ ይዞ ይወጣል፤ ትልቁ ዓሣ ሲጠፋ የመረቡ ዓይን ይጠብባል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ወረቀቱ አለ፤ ሐይቁ ዳር ቆሞ የመረብ ዓይን የሚለካ ሰው ግን እኔ በዋልኩበት ቀን አላየሁም። በሌላ በኩል በባቱና በሰበታ ያሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላት ጫጩት እያራቡ ወደ ውሃ መጨመራቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በፊት በር እየጨመሩ በኋላ በር በጎታች መረብ ማስወጣት እስከ መቼ ያዛልቃል?

ከጣና የተገኘው ትምህርት ከዚህ ይብሳል። በጣና ሐይቅ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከ15 ያላነሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ለመራባት ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባ የሚዘረጋ ዘመናዊ መረብ ከገባ በኋላ ብዙዎች መረባቸውን የወንዙ አፍ ላይ እየዘረጉ ሊወልድ የሚሄደውን ይጠብቁት ጀመር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ ሲለኩ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሣዎች 75 በመቶ፣ ትናንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ ቀንሰው አገኟቸው። 10 ዓመት ብቻ ነው የፈጀው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ለአራዳዋ የቤት እመቤት የሚደርሳት ምንድን ነው? እኔ ከዚያ ወዲህ ዓሣ የምገዛው ተገፍፎና ተመትሮ በፌስታል የታሰረውን ሳይሆን ሙሉውን ነው። ፊሌቶ ዕድሜውን ይደብቃል፤ ሙሉ ዓሣ ግን ልጅ ይሁን አዋቂ ይታያል። መዳፍ የሚያህለውን ቆሮሶ «አልፈልግም» ስለው ሻጩ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ አሁን ለምዶኝ፣ «ለእርስዎ ትልቅ የለም ዛሬ» ይለኛል። ሙሉ ዓሣ ለኪስም ይበጃል፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ የሁለተኛ ቀን ሾርባ ነው። የጾሙን ፍላጎት ለማብረድ ደግሞ አምባዛና ካርፕ አሉ።

እዚህ ላይ በቤቴ ክርክር ተነሣ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ኦሪት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ስለሚከለክል እናቴ አምባዛን ቤት እንዳታስገቢ ብላኛለች፤ በአራዳ እንደ እርሷ የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፣ እኔም አልሟገታቸውም። ካርፕ ግን ቅርፊት አለው፤ ጉዱ አጥንቱ ነው። ሥጋው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ አጥንቶች ተበታትነውበታል። ከሥራ ደክማ የምትገባ እናት ይህን ለልጅ ስትለቅም ልትውል አትችልም። ስለዚህ በጨውና በነጭ ሽንኩርት ለብ አድርጎ መቀቀል፣ ሲበርድ ሥጋውን ከአጥንቱ መለየት፣ ከዚያም በደቀቀ ቃሪያ፣ በሽንኩርትና በተፈጨ ደረቅ ዳቦ ለውሶ እንደ ኮተሌት ጠፍጠፍ አድርጎ መጥበስ ነው። በእኛ ቤት ይህ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሆኗል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አጥንቱን ትለቅማለች፤ ታላቁ ሽንኩርቱን ይከትፋል፤ ባለቤቴ ይጠፈጥፋል። ትንሿ ደግሞ እያንዳንዱ ዓሣ ከመቀቀሉ በፊት አፉን ከፍታ ውስጡን ታያለች።