ጽጌረዳዋን ተከትለን ወደ ሆላንድ

በዚህ ዘመን በብዙ ቤቶች አንድ ጥያቄ ይነሣል። ባል ወይም ሚስት ቀን እየሠሩ ማታ ማታ የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ ይማራሉ። ከመመረቃቸው በፊት ትምህርት ቤቱ፣ “ዓለም አቀፍ ንግድን በዓይናችሁ እንድታዩ የጥናት ጉዞ ተዘጋጅቷል፤ የምትሄዱ ተመዝገቡ” ይላል። ወረቀቱ ቤት ሲገባ ግን ከሥሩ የተጻፈው ሂሳብ የልጆቹን የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ያህል ሆኖ ይገኛል። ታዲያ ባልና ሚስት ምን ይወስኑ? “ዕድል ነው፣ አይታለፍ” ይበሉ? ወይስ “ሽርሽር ነው፣ ይቅርብን”?

ባለቤቴ ከአገልግሎቱ ጎን ለጎን ይህንን ትምህርት ይከታተል በነበረበት ጊዜ፣ የራሳቸውን ወጪ የሚችሉ የትዳር ጓደኞች እንዲሄዱ ተፈቅዶ ስለነበር፣ እኔም አብሬው ወደ ሆላንድ ተጉዣለሁ። እስቲ ዛሬ እናንተንም በየቦታው ላዙራችሁና ፍርዱን መጨረሻ ላይ ራሳችሁ ስጡ።

መምህሩ ከመነሣታችን በፊት ለተማሪዎቹ የሰጡት ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። “ከአገራችሁ የሚወጣ አንድ ዕቃ ምረጡና እስከ መጨረሻው ተከተሉት። በደረሳችሁበት ሁሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዕቃው አሁን የማን ነው? ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው? ገንዘቡስ ለባለቤቱ መቼ ይደርሰዋል?” አሉ። የእኛ ቡድን ጽጌረዳን መረጠ።

ጉዞው ከእርሻው ይጀምራል

የአበባ እርሻ በአገራችን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ በኩል ያለፈ ሰው ነጫጭ የላስቲክ ቤቶቹን አይቷል። ዛሬ አበባ ወደ ውጭ በመላክ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትጠራለች። አበባውን ከሚቆርጡት፣ እንደ ርዝመቱ ከሚለዩትና ከሚያስሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

የተቆረጠች ጽጌረዳ ሕይወቷ ወዲያው አያልፍም። በውስጧ ያጠራቀመችውን ስኳር እየተመገበች ትቆያለች፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ግን ስንቋን ቶሎ ትጨርሳለች። ስለዚህ እንደተቆረጠች ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል ትገባለች። ከዚያ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ በጭነት አውሮፕላን ወደ አውሮፓ ትሄዳለች። ብዙው አበባ ቤልጂየም ውስጥ ሊየዥ በምትባል ከተማ ያርፍና በመኪና ወደ ሆላንድ ይሻገራል። በመንገድ ላይ አንድ ሰው የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ ቢረሳ፣ አምስተርዳም ያለች ሴት አበባዋ በብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ ቆይቶ ይጠወልግባታል። በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ እርሻ የመጣውን አትገዛም። በመካከል የነበረው ሰው ግን ይህንን ላያውቅ ይችላል።

የመምህሩን ሦስት ጥያቄዎች እዚህ ላይ እንጠይቅ። ለጨረታ የተላከ አበባ ከሆነ፣ ዕቃው ገና የአምራቹ ነው፤ ቢበላሽም ኪሳራው የእርሱ ነው፤ ገንዘቡም ገና አልመጣም። ለአየር ጭነቱ ግን ወጪው ወጥቷል።

ወደ ታች የሚቆጥረው ሰዓት

አልስሜር ከአምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። የአበባ ጨረታ በዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ሮያል ፍሎራሆላንድ የተባለው የአሁኑ የጨረታ ድርጅት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን ባለቤቶቹ አበባ አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው። ሕንጻው በዓለም ላይ ካሉት ሰፋፊ ሕንጻዎች አንዱ ነው። ገና ሳይነጋ ሥራው ደርቷል፤ አበባ የተሸከሙ ጋሪዎች እርስ በርስ ተቀጣጥለው በትንንሽ መኪና እየተጎተቱ እንደ ባቡር ይተላለፋሉ።

እኛ በለመድነው ጨረታ ዋጋው ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። በአልስሜር ግን የተገላቢጦሽ ነው። በትልቅ ሰሌዳ ላይ ያለው ሰዓት ከከፍተኛ ዋጋ ተነሥቶ ወደ ታች ይቆጥራል፤ መጀመሪያ ቁልፉን የተጫነ ገዢ ባቆመበት ዋጋ ይገዛል። ቢቸኩል በውድ ገዛ፤ ቢዘገይ ሌላ ሰው ወሰደበት። እያንዳንዱ ሽያጭ በአንድ ጭነት ብቻ ስለሚያልቅ ብዙ አበባ በአጭር ጊዜ ይሸጣል። ለሚጠወልግ ዕቃ ደግሞ ከዚህ የሚሻል መንገድ አይገኝም። ዛሬ ብዙዎቹ ገዢዎች ከየቢሯቸው በኮምፒዩተር ነው የሚገዙት፤ በሰዓቱ ሳያልፍ በቀጥታ ውል የሚሸጠውም እየበዛ ሄዷል።

አስቡት፤ አንዲት እህታችን ለወራት ስትንከባከብ የቆየችው ጽጌረዳ ዋጋዋ የሚወሰነው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ገዢው አበባዋን ነካ አድርጎ አያይም፤ አምራቹንም አያውቀውም። ታዲያ በምን ተማምኖ ነው ቁልፉን የሚጫነው? ስለ አበባው ርዝመትና ጥራት በተጻፈው መረጃ ነው። አምራቹስ ለማያውቀው ሰው በምን ተማምኖ ይልካል? ጨረታው ገንዘቡን ሰብስቦ እንደሚከፍለው ስለሚያውቅ ነው። ባለቤቴ በማስታወሻው ላይ፣ “እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት አበባ ብቻ አይደለም፤ መተማመንንም ነው” ብሎ ጻፈ።

ሰው የማይታይበት ወደብ

ሁሉም ዕቃ በአየር አይሄድም። ቡናችን ለምሳሌ በጂቡቲ በኩል በመርከብ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቡድኑ በአውሮፓ ትልቁን ወደብ፣ ሮተርዳምን እንዲያይ ተደረገ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1940 በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድባ መሐሏ በእሳት ወድሞ ነበር፤ ዛሬ የምትታየው እንደገና የተሠራችው ናት። የግሪኩን አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1516 ያሳተመው ኤራስመስ የተወለደው በዚህችው ከተማ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስሙን ስሰማ የኖርኩት ሰው ሐውልት ፊት መቆሜ ደስ አሰኝቶኛል። በእርሱ ስም የተሰየመው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የታወቀ የንግድ ትምህርት ቤት አለው።

ወደቡ ከከተማው እስከ ባሕሩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። የመጨረሻው ክፍል የተሠራው ከባሕር ላይ አሸዋ ተሞልቶ በተገኘ መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በኮንቴይነር መለኪያ ከ13 ሚሊዮን በላይ አስተናግዷል። በአንዳንዶቹ ማራገፊያዎች ኮንቴይነሩን ከክሬኑ ተቀብለው የሚያመላልሱት መኪኖች ሾፌር የላቸውም፤ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያለ ነው። መርካቶ ላይ አንድ የጭነት መኪና ለማራገፍ ስንት ሰው እንደሚሰበሰብ ለምናውቅ ሰዎች ጸጥታው ያስገርማል።

ተማሪዎቹ በክፍል የተማሩት ነገር የገባቸው ግን እዚህ ነው። ነጋዴዎቻችን በየቀኑ “ኤፍ ኦ ቢ” እና “ሲ አይ ኤፍ” ይላሉ። እነዚህን ቃላት ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት በመጀመሪያ የደነገጋቸው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ የሚሠራበት የተሻሻለው ነው። ኤፍ ኦ ቢ ሲባል ሻጩ ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ኃላፊ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኪራዩም ስጋቱም የገዢው ነው። ሲ አይ ኤፍ ሲባል ደግሞ ሻጩ እስከ መድረሻው ወደብ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ይከፍላል፤ ስጋቱ ግን ዕቃው መርከቡ ላይ እንደተጫነ ወደ ገዢው ይሻገራል። “እኔ ኢንሹራንስ ከፍያለሁና ዕቃው የእኔ ነው” የሚል ሻጭ፣ ወይም “ወደቤ ሳይደርስ አይመለከተኝም” የሚል ገዢ ውሉን አላነበበም ማለት ነው። ማዕበል በተነሣ ጊዜ እያንዳንዱ እስከየት እንደሚሸከም አስቀድሞ ስለተጻፈ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ሳይጣሉ ይነግዳሉ።

የቤት ሠራተኛዋ አክሲዮን

በመጨረሻ አምስተርዳም ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1602 የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሲቋቋም አክሲዮን የመግዣው መዝገብ ለማንኛውም ሰው ተከፍቶ ነበር። መዝገቡ የተቀመጠው በነጋዴው በዲርክ ፋን ኦስ ቤት ሲሆን፣ በአምስተርዳም 1,143 ሰዎች ተመዘገቡ። መዝገቡ በሚዘጋበት ዕለት ከመጨረሻዎቹ መካከል የተመዘገበችው የዚያው ቤት ሠራተኛ ኔልትገን ኮርኔሊስ ናት። ካጠራቀመችው 100 ጊልደር አስገባች። ለቤት ሠራተኛ ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር። ጌቶቿ የሚነጋገሩበትን ጉዳይ እያስተናገደች የሰማች ሴት እርሷም ባለድርሻ ሆነች! ታሪኩን ስሰማ እቁባቸውን ጠብቀው ልጅ የሚያስተምሩ እናቶቻችን ታወሱኝ።

ነገር ግን የዚያው ኩባንያ ሌላ ገጽ አለ። በወጥ ቤታችን የምናውቀው ገውዝ በዚያን ዘመን የሚበቅለው በባንዳ ደሴቶች ብቻ ነበር። ንግዱን ለብቻው ለመያዝ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1621 በደሴቶቹ ላይ ጦር አዘመተ። ከነዋሪዎቹ አብዛኛዎቹ ተገደሉ፣ በረሃብ አለቁ፣ ወይም በባርነት ተወሰዱ። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1799 በዕዳ ተውጦ ፈረሰ። የዋና መሥሪያ ቤቱ ግቢ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ያገለግላል፤ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ይዘው ይገቡበታል፣ ይወጡበታል።

በዚያ ግቢ ቆመን ከቡድኑ አንዲት ተማሪ፣ “አራተኛ ጥያቄ መጨመር አለብን” አለች። “ይህ ንግድ ሲስማማ በስፍራው ያልነበረው ማን ነው?” አለች። ሻጭና ገዢ ውላቸውን በታማኝነት ሊጠብቁ ይችላሉ፤ የባንዳ ሰዎች ግን በውሉ ውስጥ አልነበሩም። የጽጌረዳዋም ሰዓት ስለ ቆራጯ ደመወዝ ወይም ከዝዋይ ሐይቅ ስለሚቀዳው ውሃ አይጠይቅም። ያንን መጠየቅ ያለበት ሰው ነው። ማስተርሱን ይዞ ነገ ሥራ አስኪያጅ የሚሆነው የእናንተው ባል፣ የእናንተው ሚስት ነው መጠየቅ ያለበት። በሐሰተኛ ሚዛን ላይ የተጻፈውን እያነበብን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት ሊሆንብን አይገባም።

እንግዲህ እንሂድ ወይስ እንቅር?

ውድ ባለትዳሮች፣ መልሱ ወረቀቱ ላይ ባለው ገንዘብ ብቻ አይገኝም። አስቀድማችሁ የጉዞውን ዝርዝር አንብቡ። ከየቀኑ ስንቱ ለገበያና ለፎቶግራፍ፣ ስንቱ ለወደብ፣ ለጨረታና ለፋብሪካ ተመድቧል? የሚሄደው ሰው የሚከተለው ዕቃ አለውን? ቆዳ፣ ሰሊጥ፣ ቡና ወይም አበባ ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ሳይይዝ የሄደ ሰው የሚያመጣው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ወጪውንም በሙሉ ቁጠሩ። ለአውሮፓ የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ይከፈላል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል።

ከዚያም የመምህሩን ጥያቄዎች ወደ ቤታችሁ አምጡ። በዚህ ጉዞ በቤታችን ስጋቱን የሚሸከመው ማን ነው? እስከየትስ? የሚሄደው ሰው ሁልጊዜ ይታያል፤ ይጨበጨብለታል። ልጆቹን ብቻውን የሚያስተኛው፣ የቤት ኪራዩን በጎደለ ደመወዝ የሚያብቃቃው፣ ሕመም ቢመጣ ሌሊት ታክሲ የሚፈልገው ግን እቤት የቀረው ነው። ያልተጻፈ ሸክም በኋላ ቅያሜ ይሆናል። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ማን ምን እንደሚሸከም፣ ከየትኛው ቁጠባ እንደሚወጣ፣ ገንዘቡ በምን ያህል ጊዜ እንደሚተካ በወረቀት አስፍሩ። ማያውቁት ሰው ጋር የሚነግዱት ሰዎች እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ አንድ ሥጋ የሆኑት ባልና ሚስት ለምን በግምት ይኑሩ?

ሁለታችሁም ፈርማችሁበት ከሆነ፣ የሚሄደው በሰላም ይሂድ። የቀረውም በሰላም ይጠብቅ፤ ሲመለስም ከቸኮሌቱ በፊት ማስታወሻ ደብተሩን ይጠይቀው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።