በመርፌ ያበጠው በሬ

ሰሞኑን በቴሌግራም የምትዞር አንዲት ፎቶ አለች። ቆዳው ሊተረተር የደረሰ፣ ታፋው ለሁለት የተከፈለ የሚመስል ነጭ በሬ ነው። ከሥሩ «ፈረንጆቹ በመርፌ ነው እንዲህ የሚያሳብጡት፣ ሥጋቸውን አትብሉ!» ይላል። ለኔ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሳኛለች። አንትወርፕ ስለምኖርና የምሠራውም ቄራ ስለሆነ «እውነት ነው እንዴ?» የሚለኝ በዛ። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፎቶው ላይ ያለው ቤልጂያን ብሉ የሚባል ዝርያ ነው። እንደዚያ ለመሆን መርፌ አያስፈልገውም። ጡንቻ ከልክ በላይ እንዳያድግ የሚገታ ማዮስታቲን የሚባል ነገር በሰውም በከብትም ሰውነት ውስጥ አለ። በዚህ ዝርያ ላይ ያንን የሚያዘው ጂን በተፈጥሮ ተበላሽቷል፤ ገበሬዎቹ ደግሞ እየመረጡ አራቡት። ጥጃው ከመወፈሩ የተነሳ ላሟ ባብዛኛው በኦፕራሲዮን ነው የምትገላገለው። ለላሟ ያሳዝናል፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሆርሞን ግን አይደለም።

የሚገርመው፣ እውነተኛውን የሆርሞን በሬ በዓይን አትለዩትም። አሜሪካ በሕግ ስለሚፈቀድ ኢስትራዲዮልና ትሬንቦሎንን የመሳሰሉ ስቴሮይዶች ጆሮው ላይ ከቆዳ ሥር ይቀበራሉ፣ ሲታረድ ጆሮው ይጣላል። አውሮፓ ግን ክልክል ነው። ነገሩ የተነሳው በ1980 ጣሊያን ውስጥ በጥጃ ሥጋ በተሠራ የሕፃናት ምግብ ላይ ዲኢኤስ የሚባል ሰው ሠራሽ ሆርሞን ሲገኝ ነው። እናቶች ጮኹ፣ የጥጃ ሥጋ የሚገዛ ጠፋ። የመጀመሪያው የጋራ ክልከላ በ1981 ወጣ፣ ከ1989 ጀምሮ ደግሞ በሆርሞን የደለበ ሥጋ ከውጭም እንዳይገባ ተደረገ። አሜሪካና ካናዳ በዚህ የተነሳ አውሮፓን በዓለም ንግድ ድርጅት እስከመክሰስ ደርሰዋል።

ታዲያ የተከለከለ ነገር ትርፍ ካለው በጓሮ መግባቱ አይቀርም። ያው በሬ በተመሳሳይ ቀለብ ቶሎ ሥጋ ያወጣል፣ ጮማው ይቀንሳል፣ ነጋዴው ያተርፋል። ጆሮ ላይ ቢቀብሩት ስለሚያስነቃ የተለያየውን በትንሽ በትንሹ ቀላቅለው ጡንቻ ውስጥ ይወጉታል። ትንሽ በትንሹ የሚሆነው ላቦራቶሪ እንዳያገኘው ነው። መርፌው ያረፈበት ቦታ ላይ መድኃኒቱ ተከማችቶ ሊቀር ይችላል፤ ያ ቁራጭ የማን ድስት ውስጥ እንደሚገባ ማንም አያውቅም።

እዚህ ቤልጂየም ይሄ ንግድ ሰው አስገድሏል። ካሬል ቫን ኖፔን የመንግሥት ተቆጣጣሪ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ሥራው በየእርባታውና በየቄራው እየዞረ ሆርሞን መፈለግ ነው። ዛቻ ነበረበት፣ ግን አልተወውም። የካቲት 20 ቀን 1995 ምሽት ላይ ከቤቱ አጠገብ በጥይት ተገደለ። ፍርዱ የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ በ2002 ነው፤ አራት ሰዎች ተፈረደባቸው፣ አንዱ የከብት ነጋዴ ዕድሜ ልክ። በ2011 የወጣው ሩንድስኮፕ የሚባለው ፊልም (ለኦስካር የታጨው) የተነሳው ከዚሁ ታሪክ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ብዙ ነው፣ የሰውዬውን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የሥራ ጓደኞቼ ወጣቶቹ እንኳ አያውቁትም።

እኔ የምቆመው ጉበት በሚወጣበት መስመር ላይ ነው። ተቆጣጣሪዋ ትንንሽ ከረጢቶቿን ይዛ ስትመጣ ከጉበቱ ትቆርጣለች፣ ሽንት ትወስዳለች፣ ቁጥር ትለጥፋለች። ሥራው ይዘገያል፣ ልጆቹ ያጉረመርማሉ። እኔ አላጉረመርምም። ሆርሞን ከተገኘ እርባታው ምልክት ይደረግበታል፣ ለዓመት ያህል ከብቶቹ በራሱ በገበሬው ኪሳራ ይመረመራሉ። ሕጉ ወረቀት ነው፤ ሥጋውን የምታስጠብቀን ያቺ ከረጢት ናት።

ስለ ጉበት ካነሳሁ አይቀር፣ ዱለት ለምንወድ ይቺን ልጨምር። በ1989 እና 1990 ስፔን ውስጥ 135 ሰዎች የከብት ጉበት በልተው ታመሙ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ልባቸው በኃይል መታ፣ ራሳቸውን አመማቸው። የተገኘው ክሌንቡተሮል ነው። ስቴሮይድ አይደለም፣ ለመተንፈሻ ችግር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ግን በዚያው በጓሮ በር የሚገባ ማደለቢያ ነው። ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። እነዚያ ሰዎች ጉበቱን የበሉት አብስለው ነው፤ እሳቱ አላዳናቸውም። ሚጥሚጣ ምን ሊያደርግ ነው?

ይህን ሁሉ የማወራው ለምን መሰላችሁ? የፋሲካ ቅርጫችን ነዋ! ሰብሳቢያችን ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ገበሬ አግኝተዋል። በሬው ወረቀት የለውም፣ የጆሮ ቁጥሩም ወልቋል፣ በቄራ ሳያልፍ እዚያው ይታረዳል፣ ስለዚህ ርካሽ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርብን» ብዬ ነገርኳቸው።

«አንተ ደግሞ! ሳር ሲግጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ።»

«የተወጋ በሬም ሳር ይግጣል እኮ ጋሼ።»

ሳቁ፣ ግን አልተቀበሉኝም። በሬው የተወጋ ነው እያልኩ አይደለም፤ ገበሬው ምናልባት ቅን ሰው ይሆናል። ነገር ግን ቁጥር የሌለው በሬ ከየት እርባታ እንደመጣ አይታወቅም፣ ቄራ ካልገባም ከጉበቱ የሚቆርጥለት የለም። ልዩነቱን ለአሥራ ሁለት መደብ ስናካፍለው ለአንድ ሰው ሃያ አምስት ዩሮ ነው።

ስለዚህ እኔ ሌላ ጠይቄያለሁ። ቁጥሩ ጆሮው ላይ ያለ፣ በቄራ በኩል የሚያልፍ፣ ጥሩ የደለበ በሬ አለ። ስድስት ሰው ገብቷል፣ ስድስት መደብ ይቀራል። ጋሼም ከመጡ ደስ ይለኛል፣ ሻኛውን ለእሳቸው እንተዋለን። የምትፈልጉ እስከ ረቡዕ ማታ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።