ከአፈር የወጣች ሳንቲም

ዛሬ አንድ ጥፋቴን ላጫውታችሁ።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ከማቋረጤ በፊት አክሱምን ለማየት ሄጄ ነበር። እዚያ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው የጥንት ሳንቲም ብቅ ይላል። ከአንድ ልጅ ላይ መስቀል ያለባት የመዳብ ሳንቲም ገዛሁ። ካርቱም ስገባ የቤት ኪራይ አጠረኝና ለአንድ ነጋዴ ሸጥኳት። በላኋት በሉት።

ምን እንደ ሸጥኩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በየመን፣ አል ማድሃሪባ በተባለ ቦታ፣ 868 የሮማና 326 የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች አንድ ላይ ተቀብረው ተገኙ። ተቆጥረው ስለተመዘገቡ የነገሥታቶቻችን ወርቅ ባሕር ተሻግሮ ከሮማ ወርቅ ጋር ይውል እንደነበር ማስረጃ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ የተገኙትን ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞችም ዛሬ የምናውቃቸው አንቶኒዮ ሞርዲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ስለጻፋቸው ነው። ኩሻን እኮ ወዲያ በህንድ በኩል ነው!

በእንግሊዝ አገር ከጥንት ጀምሮ፣ በቱዶር ነገሥታትም ዘመን፣ የተቀበረ ወርቅ ሲገኝ የንጉሡ መርማሪ «ማን አገኘው? የት? ማን ደበቀው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ወርቁ ለንጉሡ ነውና! በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ልጁ ያገኘበትን ማሳ በጣቱ አሳይቶኝ ነበር፤ ደብተር ይዤ አልጻፍኩትም።