ከፒያሳ ቁልቁል፦ ወንዝ ተከትሎ በሳይክል

የረጅም መንገድ የሳይክል ጉዞ ሳቅድ መጀመሪያ የምጽፈው መመለሻውን ነው። ከአዲስ አበባ ፒያሳ የተነሣ ሰው የትኛውንም ወንዝ ቢከተል መውረዱ አይቀርም። ጊዮርጊስ አደባባይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ቢሾፍቱ 1,900፣ አዳማ ደግሞ 1,700 ገደማ። መቶ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ 700 ሜትር ይወረዳል። ጠዋት ቃሊቲ ሲደርሱ እግር ምንም አይሰማውም፤ ሰው ሁሉ ጉልበት ያለው ይመስለዋል። ያ ጉልበት የቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ለመሄጃው አንድ ቀን ከያዝኩ በፔዳል ለመመለስ ሁለት እይዛለሁ፤ ቢሾፍቱ አድሬ።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። በራስ መኮንን ድልድይ ስር የሚያልፈው ውሃ ከተማውን አቋርጦ አቃቂ ይገባል፣ ከአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፣ ቆቃ ላይ ሐይቅ ይሆናል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ካርታ ሲዘረጋ የት ቁልቁለት፣ የት ዳገት እንደሚጠብቀው ግማሹን ገመተ ማለት ነው።

ከተማ ውስጥ ያለውን ክፍል ለልምምድ እጠቀምበታለሁ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳር ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ ነው፤ የወዳጅነት ፓርክ በ2012 መጨረሻ፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 መጀመሪያ ተከፍተዋል። በኮሪደር ልማቱ ደግሞ ከፒያሳ አራት ኪሎ ድረስ የሳይክል መሥመር ወጥቷል። ጓዜን ሙሉ በሙሉ ጭኜ እንጦጦ ወጥቼ እወርዳለሁ። ከእንጦጦ ሲወረድ ፍሬኑ ይግላል፤ የፍሬኑ ጎማ ሽታ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ነው። ከኋላ የተጫነው ዕቃ ወደ አንድ ጎን መሳቡ፣ የኮርቻው ብሎን መላላቱ፣ ሁሉም እዚሁ ሰፈር ውስጥ ይታወቃል። ዱከም ላይ ከማወቅ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ከአቃቂ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። አውሮፓ ውስጥ ዳኑብን ተከትሎ ከፓሳው እስከ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ሳይክለኛ ውሃው ከዓይኑ ሳይርቅ፣ የሳይክል መንገድ ሳይለቅ ይደርሳል። የእኛ ወንዝ ገደል ይገባል። አስፋልቱ የሚያገኘው በድልድይና በሐይቅ ላይ ብቻ ነው፤ አቃቂ፣ ቆቃ፣ ወንጂ። ፈጣን መንገዱ ለሳይክል የተከለከለ ስለሆነ የምንሄደው በገላንና በዱከም በሚያልፈው በአሮጌው መንገድ፣ ከከባድ መኪናዎች ጎን ነው። የኋላ መመልከቻ መስታወትና አንጸባራቂ ሰደርያ ሳልይዝ አልወጣም። የመንገዱን ደኅንነት ደግሞ በየጠዋቱ ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ሾፌሮችን እጠይቃለሁ። የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሠራም።

ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ቢሆን እመርጣለሁ። በክረምት የአቃቂና የዱከም ጥቁር አፈር ከአስፋልት አንድ እርምጃ የወጣን ጎማ ይይዛል፤ ጭቃው በጎማውና በሹካው መካከል ይታጨቅና ሳይክሉ ተሸካሚ ይፈልጋል። በበጋ ፈተናው ነፋስ ነው። አዳማ አጠገብ ባለው ተረተር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚመጣ ወደ አዳማ የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ ሊነጋጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ላይ ተነሥቼ አብዛኛውን መንገድ ከ5 ሰዓት በፊት እጨርሳለሁ። ከዚያ ቀድሞ መውጣት ግን አልመክርም፤ በጨለማ መንገዱ ለጅብም ለመኪናም ነው።

ውሃ በወንዝ ዳር እየሄዱ ከወንዝ አይቀዳም። አቃቂ የከተማውንና የፋብሪካውን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ቆቃም ይኸው ውሃ የሚጠራቀምበት ነው፤ በጦር ካሳ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ግድብ ዛሬ በአልጌ የሚታማ ሐይቅ ይዟል፣ ጉማሬና አዞም አለበት። ወደ ወንጂ ሲወረድ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ይህ ደግሞ በማፍላት አይወጣም። የታሸገ ውሃ ከየከተማው ገዝቼ እሞላለሁ።

ስለ ስንቅ ብዙ ሰው ይጨነቃል። በሶ አለ! ማታ በትንሽ ጨውና በርበሬ ለውሼ በፌስታል እቋጥራለሁ፤ ዳገት ላይ ሲደክመኝ እየቆረስኩ እበላለሁ፣ ወይም በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ለጾምም ለፍስክም ይሆናል፣ አይበላሽም፣ አይፈስም። ቆሎ ለኪስ። ሌላው በየመንገዱ ሽሮ ቤት ይገኛል።

የውስጥ ጎማ ሁለት መለዋወጫ ይዤ እወጣለሁ። በየከተማው ጎሚስታ አለ፣ የሳይክል ልክ ግን አይይዝም። ዱከም ላይ አንድ አዛውንት ጎሚስታ «ጋሼ፣ የዚህ ልክ አለ?» ብዬ ብጠይቃቸው «የለም ልጄ፤ ያለውን እንለጥፈዋለን» አሉኝ። ጎማውን ነፍተው በውሃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ ቀስ እያሉ አዞሩት፤ አረፋ ሲወጣ በጥፍራቸው ምልክት አድርገው፣ ፍቀው፣ ማስቲሽ ቀብተው፣ እስኪደርቅ በአፋቸው እፍ አሉበት። ልጣፋቸው እስከ አዳማ አልለቀቀም። እኔም እንዲህ መለጠፍ የተማርኩት አጠገባቸው ተቀምጬ ነው።

በቡድን ከሆነ ዕቅዱ የሚወጣው በደካማው ልክ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል በቡድን ዘጠነኛ ወጥተዋል፤ ያኔ በቡድን ውድድር የሦስት ሳይክለኞች ደረጃ ይደመር ነበር። የእኛ ቡድን አባላት የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ልጆች ነን። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበትነናል፣ አንዳንዱ ከተማው ዳርቻ ነው የሚኖረው። ዳርቻ ያለውን ጓደኛችንን ቁልቁለቱ ላይ ለቤቱ ከሚቀርበው ቦታ እንዲጠብቀን ብንነግረው እምቢ አለ። መነሻችን ጊዮርጊስ፣ ከምኒልክ ሐውልት ሥር እንዲሆን ተስማማን፤ ሩቅ ያለው ቀድሞ ማታ መጥቶ ፒያሳ ዘመድ ቤት ያድራል። ይህም በዕቅዱ ውስጥ የሚገባ ወጪና ሰዓት ነው።

በፔዳል የማይመለስ ሰው ደግሞ ሳይክሉን በመኪና ጣሪያ ላይ ያመጣል። አዳማ መናኸሪያ ላይ ከረዳቱ ጋር ዋጋውን ሳይጫን በፊት መነጋገር፣ የፊት ጎማውን ማውለቅ፣ ፔዳሉን ፈትቶ ኪስ ውስጥ መክተት፣ ሰንሰለቱ ያለበትን ጎን ወደ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ገመዱን ራሴ ወጥቼ አስራለሁ፤ ሞጆ ላይ ሲቆም ደግሞ ወርጄ አየዋለሁ።