ምክርና ሥራ

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአንድ ኮሌጅ የቴአትርና የፊልም ድርሰት ትምህርት ገባሁ። የክፍሉ ደንብ እንዲህ ነው፤ ጓደኞች ድርሰቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ይተቻሉም፤ ደራሲው ግን ዝም ብሎ ያዳምጣል። በፊልም ድርሰት 1 ገጽ እንደ 1 ደቂቃ ስለሚገመት የሚታየውና የሚሰማው ብቻ ይጻፋል።

አንድ ወጣት፥ አባት ልጁን ስለ ትሕትና ሲመክር የሚያሳይ 3 ገጽ አቀረበ። አድማጩ ኹሉ አዛጋ። መምህራችንም «ምክሩን ሰርዘህ አባትዬውን ሥራ አሠራው» አለው። ወጣቱ አልተቀየመም። በሳምንቱ አባትዬው ቃል ሳይናገር ከወንበሩ ተነሥቶ የገዛ ሠራተኛውን እጅ ሲያስታጥብ አሳየን። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ልጆቼ ሆይ፥ ወጣቱ ትሕትናን በድርሰቱ ከማስተማሩ በፊት ትችቱን በመቀበሉ አስተምሮናል። እናንተም ከመምከር አስቀድማችኹ ሥሩ።