የመሳቢያው ቁልፍ

ባለፈው ቅዳሜ ለሰፈራችን ባለሱቅ የዕቃ መዝገብ ላዘጋጅለት፣ አሮጌ ኮምፒውተሩ ላይ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ ልጭን ተቀመጥኩ። ባለቤቱ ቡና ስትቆላ «አቦል ሳይቀዳ እጨርሳለሁ» ብዬ ፎክሬ ነበር።

ዳታቤዙ የሚቀመጥበትን ፎልደር ፈጠርኩና «ኢኒትዲቢ» በሚባለው ትእዛዝ ላደራጀው ስል እምቢ አለኝ። የገባሁት ሩት ሆኜ ነዋ! ሩት በሊነክስ አገር አሳሪም ፈቺም ነው፤ የማይከፍተው በር የለም። ፖስትግሬስ ግን በሩት እጅ አልነሣም ይላል። ምክንያት አለው፤ አንድ ቀን ሌባ ዳታቤዙን ቢሰብር፣ በዚያው ኮምፒውተሩን በሙሉ እንዳይወርስ ነው።

ፎልደሩን «ፖስትግሬስ» ለተባለው ተራ ተጠቃሚ አስረክቤ ትእዛዙን በእሱ ስም ስሰጥ ኢኒትዲቢ እሺ አለ። ባዶው ፎልደር ባንድ አፍታ ጓዳና ሳሎን አወጣ። እኔ ግን እንደ ልቤ ልግባ ልውጣ ብዬ ፈቃዱን 777 አደረግኩት፤ በሩን ወለል! አገልግሎቱን ሳስነሣው አሁንም እምቢ። የሚፈልገው 700 ነው፦ ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይገባል፤ ሌላው ዝር አይልም። ከ11ኛው ቅጂ ወዲህ 750ም ይቀበላል፤ የቡድኑ አባላት ገብተው ያያሉ እንጂ አይነኩም።

ከጓዳዎቹ አንዱ «ፒጂ ዋል» ይባላል። ለውጥ ሁሉ ዋናው ሰንጠረዥ ፋይል ላይ ከመስፈሩ በፊት እዚያ ይመዘገባል፤ መብራት ድንገት ቢሄድ፣ ዳታቤዙ ሲነሣ ከዚያ አንብቦ ራሱን ይጠግናል። የዱሮ ስሙ «ፒጂ ኤክስሎግ» ነበር። «ሎግ» የሚለውን ያዩ ሰዎች ተራ የውሎ ማስታወሻ እየመሰላቸው፣ ዲስኩ ሲሞላ ይሰርዙታል፤ ዳታቤዛቸውም አብሮ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛ ቅጂ ስሙ ተለወጠ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይሄን ግን መልአኩም ያገኘው በሁለተኛው ሙከራ ነው።

700 ብዬ ስመልሰው ተነሣ። በ5432 ፖርት ጆሮውን አቁሞ ጥሪ መጠበቅ ጀመረ። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል።

የሆነውን ስነግረው ባለሱቁ ሳቀብኝ። «እንዴ፣ ሁሉ በእጁ ሆኖ የሚከለከል ጌታ ምን ዓይነት ጌታ ነው?»

ይሄኔ አንድ ደንበኛ ሳሙና ገዝቶ ሁለት መቶ ብር ዘረጋ። ባለሱቁ መልስ ሊሰጥ የገንዘብ መሳቢያውን ሳብ ቢያደርገው ተቆልፏል።

«አንቺ፣ ቁልፉ የታለ?» ሲል ወደ ጓዳ ተጣራ።

ባለቤቱ ስኒዋን አስቀምጣ መጣች፤ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ራሷ ከፈተች፣ መልሱን ቆጠረች፣ መልሳም ቆለፈች። እኔ ምንም አላልኩም።