ደብተር የያዘው ግራ ክንድ

በአገራችን አነጋገር ግራ እጅ ብዙ ምስጋና አልታደለም። ጧት ከቤቱ የሚወጣ ሰው «ቀኝ አውለኝ» ብሎ ይጸልያል፤ ነገሩ የተወሳሰበበት «ግራ ገባኝ» ይላል፤ ያለ ምክንያት የሚቆጣውንም «ዛሬ በግራ ጎኑ ተነሥቷል» ብለን እናልፈዋለን። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን የመሰለ የታሪክ ሰው እንኳ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ከስሙ ይልቅ በእጁ፣ «ግራኝ» በመባል ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ በገበታ ላይ ግራ እጁን የሰደደ ልጅ ከእናቱ የሚሰማው ቃል «በቀኝህ!» የሚል ነው። እኔም ይህን ቃል በልጅነቴ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እርሳስ በቀኝ እጅ መያዝንም የተማርሁት በልምምጥ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ግራ እጅ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ጉግስ ሲጫወቱ የተመለከተ ሰው ልብ ይበል፤ ዘንጉን የሚወረውረው ቀኝ ክንድ እልልታውን ሲቀበል፣ ጋሻውን ይዞ ፈረሰኛውን ከጉዳት የሚያድነው ግራው ነው። ቀኙ ይታያል፤ ግራው ይችላል።

ይህን ነገር ደጋግሜ እንዳስብ ያደረገኝ የአንድ የታወቀ ሰው አሯሯጥ ነው። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ያየ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ ታጥፎና ወደ ደረቱ ተጠግቶ፣ አንዳች ነገር ያቀፈ ይመስል ነበር። ምክንያቱ ከልጅነቱ የመጣ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ ተወልዶ በገበሬ ቤት ሲያድግ፣ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለነበረ፣ ደብተሮቹን በግራ ክንዱ ታቅፎ እየሮጠ ይሄድ፣ እየሮጠም ይመለስ ነበር። ደብተሩ ከቀረ ከብዙ ዓመት በኋላም ክንዱ ልማዱን አልተወም። ዓለም የሜዳልያውን ወርቅ ሲያይ፣ እኔን መምህሩን ግን ዓይኔን የሚስበው ያ የማይታየው ደብተር ነበር።

ምክንያቱም ያንን ክንድ ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር፣ በመስከረም ወር ትምህርት ሲከፈት፣ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ገና ጭቃ ሳለ፣ ጫማቸውን አውልቀው በቀኝ እጃቸው ያንጠለጠሉ፣ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በግራ ብብታቸው የያዙ ልጆች ይጎርፋሉ። ቤታቸው እጅግ የራቀባቸው ደግሞ በከተማ ቤት ተከራይተው፣ ዓርብ ማታ ወደ አገራቸው ወጥተው እሑድ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ከእነዚህ ልጆች አንዱ፣ ደወሉ ከተደወለ በኋላ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቢገባ፣ «ለምን ዘገየህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አልዘገየሁም፣ ጋሼ፤ ሩቅ ነው እንጂ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዘገየ ሰው ሳይ አስቀድሜ ከየት እንደ ተነሣ እጠይቃለሁ።

የኃይሌም መንገድ ሩቅ ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም.፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሴኡል በተደረገው የዓለም ወጣቶች ውድድር በ5,000ና በ10,000 ሜትር አሸነፈ። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ በነሐሴ ወር፣ በሽቱትጋርት ከታላላቆቹ ጋር ተሰልፎ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህንኑ ማዕረግ በ1987 በጎተንበርግ፣ በ1989 በአቴንስ፣ በ1991 በሴቪያ ደገመው። በኦሎምፒክም በ1988 በአትላንታ፣ ከዚያም መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በአንድ ሰኮንድ መቶኛ ዘጠኙን ያህል ብቻ ነበር። ይህም በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውና ሁለተኛው ከተለያዩበት ጊዜ ያነሰ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ በበቃ ነበር። እኔን የሚያስተምረኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሎምፒክ፣ 31 ዓመት ሆኖት፣ በእግሩ ጅማት ሕመም እየተቸገረ ለ10,000 ሜትር ቆመ። እኛ በሞጣ በአንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ከበን እንመለከት ነበር። ወጣቶቹ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስሕን ከፊት ሆነው ወደ ኋላ እየተመለከቱ፣ ይደርስባቸው እንደሆነ ብለው እርምጃቸውን ገታ አደረጉ። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ታላቅን ጥሎ መሄድ ከብዷቸው ነው» አሉ። እርሱ ግን ሊደርስ አልቻለም፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ ሲሆኑ አምስተኛ ሆኖ ገባ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያጨበጨበም ያዘነም ነበር፤ «አበቃለት» ያለም አልጠፋም።

አላበቃም። ፈጥኖ መጨረስ ያስለመደው የመም ሩጫ ከእጁ እየወጣ መሆኑን ባየ ጊዜ፣ ትዕግሥትን ወደሚጠይቀው ወደ ማራቶን ፊቱን አዞረ። አዲሱ የኢትዮጵያ ሺህ ዓመት በገባ በ19ኛው ቀን፣ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በበርሊን ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ጨርሶ የቴርጋትን ክብረ ወሰን በ29 ሰኮንድ አሻሻለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ በቤይጂንግ ኦሎምፒክ፣ የከተማው አየር ጤናውን እንዳይጎዳው ፈርቶ ማራቶኑን ተወና በ10,000 ሜትር ተሰልፎ ስድስተኛ ወጣ። ወር ተኩል ሳይሞላ ግን፣ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እንደገና በበርሊን 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰኮንድ ሮጦ፣ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው 35 ነበር። ርቀቱ ተለወጠ፣ መሬቱ ተለወጠ፣ ተቀናቃኙ ተለወጠ፤ ያ ግራ ክንድ ግን እንደ ታጠፈ ነበር።

እንዲህ ያለው ጠባይ የአንድ አገር ሰው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አለ፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ለእኛ ለገና ተጫዋቾች የዱላው ነገር እንግዳ አይሆንብንም። በዚህ ጨዋታ ዋረን ስፓን የሚባል በግራ እጁ የሚወረውር ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሦስት የጨዋታ ዘመናት በውትድርና ስላለፉበት፣ በታላላቆቹ ቡድኖች መካከል የመጀመሪያውን ድል ያገኘው በ25 ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እስከ 44 ዓመቱ ተጫውቶ 363 ድል አስቈጠረ፤ ከግራኝ ወርዋሪዎች ይህን ቁጥር ያለፈ እስከ ዛሬ የለም። የኳሱ ፍጥነት ሲቀንስበት አዳዲስ የአወራወር ስልት ተማረ፤ ክንዱ ሲደክም ብልሃቱ ተጨመረ። በሰኔ 1955 ዓ.ም.፣ 42 ዓመት ሆኖት፣ የ25 ዓመት ጐልማሳ ከነበረው ከጁዋን ማሪቻል ጋር ገጠመ። በ9 ዙር የሚያልቀው ጨዋታ ያለ ነጥብ እስከ 16ኛው ዙር ደረሰ፤ ሁለቱም ተተኪ ሳይፈልጉ ወረወሩ፤ በመጨረሻ ዊሊ ሜይስ የስፓንን ኳስ መትቶ ከሜዳው አሳልፎ ሰደደበትና 1 ለ 0 ተሸነፈ። ዛሬ ያ ምሽት ሲወራ የተሸናፊው ስም ከአሸናፊው ስም እኩል ይነሣል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን አላየም፤ ሥራቸውም አይገናኝም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ያስረዱናል፤ ረጅም አገልግሎት ማለት አንዱን ነገር ለብዙ ዓመት መደጋገም አይደለም። ጉልበት ሲሄድ ሥራውን እንደ ጉልበቱ መለወጥ፣ ሲለውጡም ከመጀመሪያ የያዙትን አለመጣል ነው። በየጽሕፈት ቤቱና በየትምህርት ቤቱ 30 ዓመት አገለገልሁ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ከእነዚህ መካከል አንዱን ዓመት 30 ጊዜ የደገመው ማን፣ 30 ዓመት የሠራው ማን እንደሆነ ግን መዝገቡ አይናገርም።

ማቆምም የራሱ ችግር አለው። ኃይሌ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ጉልበቱን ታሞ ማራቶኑን ባቋረጠ ጊዜ መሰናበቱን ተናገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ለውጦ ተመለሰ። የተሳለቁበት ነበሩ። እኔ ግን ጡረታዬ ሲቃረብ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬአለሁ፤ ሥራውን የወደደ ሰው በአንድ ቀን ስንብት አይላቀቅም። የመጨረሻ ስንብቱ ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. በማንችስተር ጎዳና በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ሆነ። የመጨረሻው ውድድር ርቀት በልጅነቱ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሮጠውን ያህል መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፣ መምህር ከሆንህ በክፍልህ ውስጥ በግራው የሚጽፍ ልጅ ሳይኖር አይቀርም። እኔ ባስተማርሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለውን ልጅ እጁን ለውጥ አላልሁትም፤ ፊደሉ የተስተካከለ ይሁን እንጂ ከየትኛው እጅ እንደ ወጣ ወረቀቱ አይናገርም። ሹም ከሆንህም፣ በደጅህ ዘግይቶ የገባውን ባለ ጉዳይ ከመገሠጽህ በፊት ስንት ኪሎ ሜትር እንደ መጣ ጠይቀው። ተማሪ ከሆንህ ደግሞ፣ መንገዱ ቢርቅብህ፣ ጭቃውም ቢያሰናክልህ፣ በብብትህ የያዝኸውን አጥብቀህ ያዝ። ክንድህ በዚያ ምክንያት ቢጣመም እንኳ አይፈር፤ የት እንደ ዋለ የሚመሰክርልህ እርሱ ነውና።